አፍዎን ይክፈቱ

ስርጉት በሥራ ዘመኗ «አፍዎን ይክፈቱ» ለማለት ያቃታት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያ በአንድ ሰው የተነሣ የደረሰባትን እኔ አይቻለሁና የምናገረው እኔ ነኝ። እሷ ስለ ራሷ ማውራት አይሆንላትም። ብታወራም ጥፋቱን ሁሉ ራሷ ላይ ቆልላ፣ እኔንም፣ አለቆቻችንንም፣ ቄሱንም ነፃ አውጥታ ነው የምትጨርሰው። እኔ ማንንም ነፃ ለማውጣት አልተቀመጥኩም።

ዘርፈሽ እባላለሁ፤ የሞጣ ልጅ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. የአንድ ዓመት ሥልጠናችንን ጨርሰን፣ ከብቸና በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የምታስኬድ ወይራ አምባ የምትባል ቀበሌ ውስጥ ጤና ኤክስቴንሽን ሆነን ተመደብን። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት ነበር የሚመደበው፤ አንዷ ቤት ለቤት ስትዞር አንዷ ጤና ኬላው ላይ ትቀመጣለች። የሚመረጡት ከዚያው ከቀበሌው ልጆች ነው። ወይራ አምባ ግን አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ስርጉት ብቻ ስለነበረች ሁለተኛዋ ከሌላ ወረዳ መጣች። መጤዋ እኔ ነኝ።

ስርጉት ለምን ብቻዋን አሥረኛ ክፍል እንደ ደረሰች ካልተናገርኩ ሌላው አይገባም። አባቷ የሞቱት በሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ እማማ ይርጋነሽ ጥጥ እየፈተሉ፣ ልቃቂቱን ብቸና ገበያ እያወጡ አሳደጓት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አጎቶቿ ባል አገኙላት፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጌሾው ሳይቀር ተወቅጦ ነበር። ያን ድግስ ያስቀሩት የቤቱ የንስሐ አባት፣ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ደጃፍ ላይ ቆሙና፣ «ይቺን ልጅ ከዳራችሁ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም፤ ስትሞቱም የሚፈታችሁ ሌላ ቄስ ፈልጉ» አሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚል ቄስ ብዙ አልነበረም። አጎቶቿ አኩርፈው ተበተኑ፣ ስርጉትም ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። የሥራ ደብዳቤዋን ያገኘች ዕለት መጀመሪያ የሮጠችው ወደ እሳቸው ነው፤ መስቀላቸውን ራሷ ላይ አድርገው ባረኳት። እንግዲህ አፍዎን ይክፈቱ ማለት ያቃታት ለእኚህ ሰው ነው።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለስድስት ወር በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ታካሚው ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ክኒኑን በእጁ ትሰጪዋለሽ፣ ፊትሽ ይውጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ወደ ላይ ያነሣል፣ አንቺ ታያለሽ። ከዚያ በኋላ ነው ካርዱ ላይ የዚያን ቀን ምልክት የምታደርጊው። ይህ ሁሉ ሰውን ለማዋረድ አይደለም። በሽተኛው አንድ ሳምንት ውጦ አንድ ሳምንት ከተወ በሽታው መድኃኒቱን ይላመደዋል። ከተላመደው በኋላ ያው ክኒን ቢዋጥም ባይዋጥም አንድ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሽታው ወደ ሌላው ሰው የሚተላለፈው እንደ ተላመደ መሆኑ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በሥልጠና ብቻ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. አባቴ ሞጣ ላይ ይህንኑ መድኃኒት ወስዷል። ታስውጠው የነበረችው ነርስ ባንቺዓለም ትባላለች። አባቴ በመንደሩ የተከበረ፣ ሰው ሲመጣ የሚነሣለት ሽማግሌ ነው፤ እሷ ግን ሰው እየሰማ፣ «ክፈት! ወደዚህ ዙር! ምላስህን አንሣ!» ትለው ነበር። በ«አንተ» ነው የምትጠራው። ቤት ሲመጣ ሲረግማት ያመሻል። አባቴ እስከ ዛሬ አለ፤ አሁንም ይረግማታል። እኔ ግን ለዚያች ሴት ዕድሜዋን ያርዝመው እላለሁ።

ቄስ ኃይለ ሚካኤል መታመማቸው የታወቀው በጥር 2004 ዓ.ም. ነው። ብቸና ተመርምረው፣ ካርዳቸውና መድኃኒታቸው ወደ እኛ ኬላ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጭራቸውን ይዘው ገቡ። ስርጉት አራቱን ቀይ ክኒኖች በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፣ ውኃውንም እንደዚሁ፤ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ውኃውን ጠጡ፣ መረቋት፣ ሄዱ። እሷም ካርዱ ላይ ምልክት አደረገች።

«አፋቸውን'ኮ አላየሽም» አልኳት።

«ዘርፌ፣ የንስሐ አባቴ ናቸው። እሳቸው ናቸው እኔን የሚጠይቁኝ። እኔ እሳቸውን ልጠይቅ?»

«እሺ፣ አፋቸውን ተይው። ሽንትዎ ቀልቷል ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው።» መድኃኒቱ ሽንት ያቀላል፤ መዋጥ አለመዋጡን ለማወቅ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ስምሽን ቄስ ይጥራው!» አለችኝ። ተሣሣቅን። ያን ሣቅ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

በመጀመሪያው ወር ችግር አልነበረም፤ ቄሱ በእውነት ይውጡ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ቄሶች በሰሞን ነው የሚያገለግሉት፤ ሰሞነኛ የሆነ ቄስ ሳምንቱን ከሚስቱ ተለይቶ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያድራል። የሚቀድስ ቄስ ደግሞ ከቅዳሴ በፊት ውኃ እንኳ አይቀምስም። የወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረት ቄሶች ኑሮ ከብዷቸው አንዳንዱ ብቸና፣ አንዳንዱ ሞጣ ገብተው ስለነበር ሰሞኑ ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። ቄስ ኃይለ ሚካኤል አንዱን ሳምንት ይቀድሳሉ፣ አንዱን ያርፋሉ። በጾም ቅዳሴው በየቀኑ ነው፤ የሚወጣውም በዘጠኝ ሰዓት።

ታዲያ በሰሞናቸው ሳምንት ስርጉት ቤት ለቤት ለመዞር ስትወጣ ክኒኑን ይዛ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ታደርስላቸዋለች። እሳቸውም ተቀብለው በጥምጥማቸው እጥፋት ውስጥ ይሸጉጡና፣ «ከቅዳሴ መልስ እውጠዋለሁ፣ ልጄ» ይሏታል። እሷም ምልክት ታደርጋለች። ከቅዳሴ መልስ ግን ሰው አለ። ጸበል የሚያስረጭ አለ፣ የሙት ዓመት የሚያወጣ አለ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ አለ። ጠላ ይቀዳል፤ መድኃኒት በጠላ ላይ አይሆንም ተብሏል። ትንሽ ቆይቼ ይባላል፤ ይመሻል። በነጋታው ስርጉት ሌላ አራት ክኒን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ቄሱ ሰው ለመዋሸት ያሰቡ አይመስለኝም። ማንም ስላልጠየቃቸው ዝም አሉ፣ ዝም እንዳሉም ለመዱት።

የሚያናድደኝ የነገሩ ቅለት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ሄዳ ብታስውጣቸው ኖሮ ጾሙም አይሻር፣ መድኃኒቱም አይቀር ነበር። ክኒኑ ጠዋት ካልተዋጠ የሚል ሕግ የለበትም። እሷ ግን ይህን ለማወቅ መጀመሪያ «አባ፣ ትናንት ውጠዋል?» ብላ መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም። እኔስ? እኔ ቄሱ የሷ ታካሚ ናቸው፣ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። የሞጣ ምላሴ ለሁሉ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ግን የት እንደ ገባ እንጃ።

በሰኔ መጨረሻ ሕክምናቸውን ጨረሱ ተባለ። ካርዳቸው አንድ ክፍተት አልነበረበትም። በዓመቱ መጨረሻ አለቃችን ከወረዳ መጥቶ ካርዶቹን አገላበጠና ደስ አለው። ግድግዳው ላይ «ያቋረጠ ታካሚ፦ ዜሮ» የሚል ወረቀት በእጁ ለጠፈ። ኬላችን የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሸለመ። ሰዓቱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ፎቶም ተነሥተናል።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ደኅና አለፈ። በ2005 ክረምት ቄሱ እንደገና ማሳል ጀመሩ። ብርድ ነው አሉ። የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት መዞራቸውን ግን አላቋረጡም፤ በወር አንዴ እማማ ይርጋነሽ ቤት ገብተው፣ በሩ በዝናቡ ምክንያት ተዘግቶ፣ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ረጅሙን ጸሎት ያደርሳሉ። እማማ ይርጋነሽ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ኋላ እሳቸውም ማሳል ጀመሩ፤ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሳሉ በሁለቱም ላይ ጸና። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ብቸና ተመረመሩ፤ ሁለቱም የሳንባ ነቀርሳ አለባቸው ተባለ።

ስርጉት እናቷን እኔ ራሴ ነኝ የማስውጣት አለች፤ አስዋጠቻቸውም። እንደሷ አድርጎ ያስዋጠ ሰው አላየሁም፤ ባንቺዓለምም እንደዚያ አላደረገች። በየጠዋቱ የእጅ ባትሪ ታበራለች፣ ምላሳቸውን በማንኪያ ገለጥ አድርጋ ሥሩን ታያለች፣ ጉንጫቸውን ታያለች፣ ከዚያ እንዳያስመልሳቸው ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው ትቀመጣለች። እማማ ይርጋነሽ ተጫዋች ነበሩ። «ምን ትፈልጊያለሽ ሁልጊዜ? ጥርሴን ልትቆጥሪ ነው? አራት ነው የቀረኝ፤ ቁጠሪና ተገላገይ!» ይሏታል። ስርጉት አትሥቅም። «ምላስሽን ወደ ላይ፣ እማዬ» ትላለች።

በኅዳር አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የቄሱ ሚስት ወይዘሮ አገሬ ኬላው መጡ። ባላቸው ሕክምናው እንደ አዲስ ተጀምሮላቸው ብቸና እየተመላለሱ መርፌ ይወጉ ነበር። በእጃቸው አሮጌ የዕጣን ቆርቆሮ ይዘዋል።

«ይኸው ልጄ» አሉ ስርጉትን። «ከቄሱ የተረፈ ነው። ጥምጥማቸውን ሳጥብ ከእጥፋቱ እየወደቀ፣ መድኃኒት አይጣልም፣ ኃጢአት ነው ብዬ ሳጠራቅመው ነበር። ይርጋነሽ ታመመች ሲሉ ሰማሁና አዘንኩ። እኛስ አሁን አዲስ ተሰጥቶናል። ይኼ ለሷ ይሁናት።»

ስርጉት ቆርቆሮውን ተቀብላ ክዳኑን ከፈተች። ቀይ ክኒን እስከ አፉ ሞልቷል። ወይዘሮ አገሬ መልካም ሥራ የሠሩ ሰው ፊት ነበራቸው፤ ምን እንዳመጡልን አላወቁም። ምርቃታቸውን ጨርሰው ሄዱ። ስርጉት ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ አፍስሳ ቆጠረችው፤ መቶ ሰባ ሁለት። ከዚያ ካርዱን ከመዝገብ ቤቱ አውጥታ አጠገቡ ዘረጋችው። ያ የተሸለምነው ሰዓት በላያችን ይቆጥራል።

«ዛሬውኑ ብቸና ሄደሽ ተናገሪ» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«ሳላይ ነው ምልክት ያደረግሁት ብለሽ። ሌላ ምን አለ?»

ለምን እንደ ቸኮልኩ ልንገራችሁ። በሽታው መድኃኒት የተላመደ መሆኑን የሚለየው ምርመራ ያን ጊዜ እኛ ጋ ለሁሉ ሰው አይደረግም ነበር። አክታው ሩቅ የሚላክለት መድኃኒት ያቋረጠ ሰው፣ ወይም ካቋረጠ ሰው ጋር የዋለ ነው። የቄሱ ካርድ ደግሞ ሙሉ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ በሽታው ተመልሶባቸው ነው እንጂ ተላምዶ ነው ብለው አልጠረጠሩም። እማማ ይርጋነሽንም የሚጠረጥር የለም። ስርጉት ካልተናገረች እናቷ የማይሠራ ክኒን ሲውጡ ይከርማሉ፤ ይህን እሷም እኔም እናውቃለን።

«ቄሱስ?» አለችኝ። «‹ቄስ ኃይለ ሚካኤል መድኃኒት ደብቀው ሰው በከሉ› ሲባል ልስማ? እኔን ከጋብቻ ያስጣሉ ሰው?»

«እናትሽስ?»

ክኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰች። «እማዬ'ኮ አንድም ቀን አላመለጣትም። አፏን በየቀኑ አያለሁ። ሊሻላት ይችላል እኮ፣ ዘርፌ። የሁለተኛ ወሯ ምርመራ እስኪደርስ ልጠብቅ። ነፃ ከሆነች የማንም ስም ሳይነሣ ያልፋል። ካልሆነች በዚያው ቀን እናገራለሁ፤ በኪዳነ ምሕረት።»

«እሺ» አልኳት። እኔ ነኝ እሺ ያልኳት። ያን ቀን ተነሥቼ ራሴ መሄድ እችል ነበር፤ እግር አለኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። የጓደኛ ምሥጢር አላወጣም አልኩና ቁጭ አልኩ። ምርመራው አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ ያን ቆርቆሮ ከክትባት ዕቃዎቹ ኋላ ደብቀን፣ እየገባን እየወጣን ኖርን። እማማ ይርጋነሽ መቀነታቸውን በየሳምንቱ ያጠብቁታል። በታኅሣሥ አጋማሽ እንዝርታቸውን አስቀመጡ፤ እጄ ዛለ አሉ።

ምርመራው ደረሰ። ተህዋሲው ምንም አልቀነሰም። ስርጉት ውጤቱን ሰምታ አላለቀሰችም። ቆርቆሮውንና ካርዱን በነጠላዋ ጠቅልላ ብቸና ገባችና አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። አለቃችን ቆርቆሮውን ከፍቶ አየ፣ ካርዱን አየ፤ የመጀመሪያ ቃሉ ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁ? «ይህን ሌላ ማን አይቷል?» ነው ያለው።

የሁለቱም አክታ እንዲላክ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት። ደብዳቤው ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ዜሮ ብለው ሪፖርት ያደረጉትን እንዴት እንደሚያርሙት ሲመካከሩ ነው። በመጨረሻ «ታካሚው በራሱ ፈቃድ አቋርጧል» ብለው ጻፉት። የእኛም፣ የእነሱም ስም የለበትም። ስርጉት፣ «በራሳቸው ፈቃድ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያላየሁ» ብላ ብትለምናቸው፣ «አንቺ ልጅ አርፈሽ ተቀመጪ» አሏት። ለሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። ለእኔ ምንም አልሰጡኝም።

ውጤቱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። የሁለቱም በሽታ መድኃኒቱን ተላምዷል፤ ዋነኞቹ ክኒኖች አይሠሩም። ሌላ መድኃኒት የሚሰጥበት ሆስፒታል አለ፣ ግን አልጋው ጥቂት፣ ተራው ብዙ ነው። ቄሱ በየካቲት ተጠርተው ሄዱ። የእማማ ይርጋነሽ ተራ ለመጋቢት ሃያ አንድ ተቆረጠ። እሳቸው መጋቢት አሥር ቀን፣ ጠዋት፣ ስርጉት ገላቸውን እያጠበች ሳለ ሞቱ። መኪናው በሃያ አንድ መጣ፤ መሞታቸውን የነገረው ስላልነበረ ነው የመጣው። ሾፌሩ ደጃፉ ላይ የተከመረውን የልቅሶ ድንኳን እንጨት አይቶ ተመለሰ። ፍታቱን ያደረሱት ሌላ ቄስ ናቸው።

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ስምንት ወር መርፌ ተወግተው፣ በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ተመለሱ። ሳሉ ጠፍቷል፣ ሰውነታቸውም መለስ ብሏል። ጆሯቸው ግን ሄዷል። መርፌው እንዲህ እንደሚያደርግ ቀድሞ ተነግሯቸው ነበር አሉ። ደወሉ አጠገባቸው ቢደወል አይሰሙም። እማማ ይርጋነሽ መሞታቸውን ሰው በጽሑፍ አሳውቋቸዋል፤ በምን እንደ ሞቱ ግን የጻፈላቸው የለም። ገና የአንድ ዓመት ክኒን ይቀራቸዋል። የሚውጡትም እኛ ኬላ፣ ስርጉት እጅ ላይ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ለእኔ ይተውልኝ ነበር። እኔም ልቀበላት ጠይቄያት ነበር። «አይሆንም» አለች። የመጀመሪያው ጠዋት ሲመጡ ጥምጥማቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ አድርገውት ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ አልተናገሩም። ስርጉት ክኒኑን ሰጠቻቸው። እፍኝ ይሞላል፤ አንድ በአንድ ዋጡት። ከዚያ ቀጥ ብላ ዓይናቸውን አየችና፣ «አባ፣ አፍዎን ይክፈቱ» አለች። ሦስት ዓመት የዘገየ ቃል ነው። እሳቸው ደግሞ አልሰሙም። ስለዚህ የራሷን አፍ ከፈተችላቸው። ገባቸውና እሳቸውም ከፈቱ። የንስሐ አባትና የንስሐ ልጅ ፊት ለፊት አፋቸውን ከፍተው ቆሙ፤ እሷ ባትሪዋን አብርታ የምላሳቸውን ሥር ታያለች። ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ እንዲህ ነበር። በዚያ ዓመት አንድም ቀን አልቀደሱም፤ ከእንግዲህ ለቅዳሴ ብዬ ቀን አላሳልፍም ብለው ክኒኑን ጠዋት ስለሚውጡ ሰሞናቸውን ለሌላ ትተው ነበር።

አንድ ቀን፣ አፋቸውን አይታ ከጨረሰች በኋላ፣ ባትሪውን ሳታጠፋ ቀስ ብላ፣ «አባ፣ እማዬን የገደልኳት እኔ ነኝ። እርስዎን ባለመጠየቄ ነው የሞተች» አለቻቸው። እኔ ከኋላ ሆኜ ክትባት እያዘጋጀሁ ነበር። ቄሱ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አዩ፤ ቡራኬ የለመነች መሰላቸው። መስቀላቸውን አውጥተው ራሷ ላይ አሳረፉና፣ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ!» አሏት።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ፣ «ይኼ አይቆጠርም» አለችኝ። «አልሰሙኝም።»

«ጻፊላቸዋ። ያነባሉ አይደል?»

«አሁን ካነበቡ ክኒኑን ይተዉታል። ምን ልኑር ብዬ ይላሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ስምንት ወር ይቀራቸዋል። ስምንት ወር ሊያልቅ ይችላል፤ እጠብቃለሁ።»

ጠበቀች። በነዚያ ወራት ሌላውን ሰው ሁሉ አፍ ታስከፍት ነበር፦ የቀበሌውን ሊቀ መንበርም፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌም፣ የራሷን አጎትም። ዓይን አውጣ የሚል ስም ወጣላት። ሠርግ የሚጠራት ቀነሰ። እሷ ግድ አልሰጣትም፤ እኔ ግን ይህን የሚሏትን ሰዎች ፊት ለፊት ስሰድብ ከሁለት ቤት ተጣልቻለሁ።

የመጨረሻው ክኒን ቀን በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ዓርብ ዋለ። ቄሱ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን እንደ ወትሮው ክንዳቸው ላይ አድርገው መጡ። «ከእንግዲህ ሰሞኔን እይዛለሁ። ባልሰማም ዲያቆኑ በእጁ ያሳየኛል፤ ቅዳሴውን እንደሆነ በቃሌ ነው» አሉ እየጮኹ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ካየኋቸው ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስርጉት ክኒኑን ሰጠቻቸው፣ አፏን ከፈተች፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ አየች። ካርዱ ላይ የመጨረሻውን ምልክት አደረገች። ከዚያ ከኪሷ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻቸው።

ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ ከላይ ጀምረው እንደገና አነበቡ። ፊታቸውን ለመግለጽ አልሞክርም። ወረቀቱን በነበረው እጥፋት መልሰው አጠፉና፣ ክንዳቸው ላይ ከነበረው ጥምጥም ውስጥ፣ ክኒኑን ይሸጉጡበት በነበረው ቦታ አስገቡት። መስቀላቸውን አላወጡም። ወጥተው ሄዱ።

እሑድ እኔም ስርጉትም ኪዳነ ምሕረት ሄድን። ቄስ ኃይለ ሚካኤል መቅደስ አልገቡም። ከምእመኑ ጋር ውጭ፣ ጥምጥም ሳይጠመጥሙ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አስቀደሱ። ሰው ሁሉ ዘወር እያለ ያያቸዋል። ቅዳሴው ሲወጣ ስርጉት ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እግዚአብሔር ይፍታሽ ይሏታል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሷም ይህንኑ ጠብቃ እንደ ነበር ኋላ ነግራኛለች። እሳቸው ግን ክንዷን ይዘው አነሧት። ድምፃቸው ምን ያህል እንደሚሰማ አያውቁም፤ ግቢው ሙሉ ሰው ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ቀን ብትጠይቂኝ ኖሮ'ኮ አልዋሽሽም ነበር» አሏት።

መልሷን እንዳያመልጣቸው ዓይናቸውን ከንፈሯ ላይ አድርገው ጠበቁ። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። መቋሚያቸውን አነሡና ቄሶቹ በሚወጡበት ሳይሆን በሴቶቹ በር በኩል ወጥተው ሄዱ።